ሞላ የሌለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለደሴ ዳገት ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ደሴ ሆጤ አካባቢ ሲሆን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በሥራ ቀን በብስክሌት መመላለስ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጡት የእግር መንገዶች ላይ መንዳት እፈልጋለሁ። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች አግኝቻለሁ። አንደኛው ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ባለ 24 ማርሽ ነው፤ የኋላው ሞላ ግን ዘይት ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ምንም ሞላ የሌለው የቆየ የተራራ ብስክሌት ሲሆን ማርሽ መቀየሪያው ተሰብሯል፤ ሳይክል ሠሪው ማርሹን አውጥቶ በአንድ ጥርስ ብቻ እንዲሄድ ሊያደርግልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። ጓደኞቼ «ማርሽ በሌለው ሳይክል የደሴ ዳገት አይሞከርም» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይግዙ፤ ማርሹንም ያስወጡለት። ጓደኞችዎ ስለ ዳገቱ የሚሉት እውነትነት አለው፤ የጥርሱ ልክ ተጠንቶ ካልተመረጠ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት በደሴ መንገድ ላይ ጉልበት ይጨርሳል። ልኩ ከተመረጠ ግን እርስዎ ለገለጹት አገልግሎት ከሁለቱ የሚሻለው እርሱ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

በደንብ የተሠራ ባለ ሁለት ሞላ ብስክሌት ድንጋያማ ቁልቁለት በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ጉብታና ጉድጓዱን እየተከተለ ስለሚሄድ ፍሬኑም መሪውም ይታዘዛሉ። ይህ የሚሆነው ግን በሞላው ብቻ አይደለም። ከሞላው ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን መፈናጠር የሚያረጋጋ ክፍል አለ፤ ዘይቱ ከፈሰሰ የሚቀረው የሚፈናጠር ብረት ብቻ ነው። ይህ ክፍል እንክብካቤ ይፈልጋል። ከታወቁት አምራቾች አንዳንዶቹ የፊት ሹካው የታችኛው ክፍል ከ50 ሰዓት ገደማ መንዳት በኋላ ተፈትቶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ በደሴ የክረምት ጭቃ ውስጥ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከዚያም በፊት ቢያደርገው ይመረጣል። ዘይቱን የሚይዙት ጎሚኒዎች ከብስክሌቱ ስሪትና ሞዴል ጋር መግጠም ስላለባቸው እንደ ፍሬን ጎማ ከማንኛውም ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደሉም። ካቴና፣ የውስጥ ጎማ፣ ኩሽኔታና የፍሬን ሽቦ ግን የትኛውም ሳይክል ሠሪ ዘንድ የሚታወቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ሞላ የሌለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ከእነዚህ ውጭ የሚጠይቅዎት ነገር ጥቂት ነው።

ይህን ብዬም የመጀመሪያውን ብስክሌት ሳይፈትሹ እንዲተዉት አልፈልግም። ኮርቻው ላይ በሁለት እጅዎ በሙሉ ክብደትዎ ተጭነው ድንገት ይልቀቁት። አንድ ጊዜ ብቻ ረጋ ብሎ ከተመለሰ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ካለ ማረጋጊያው ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ ኮርቻውን በአንድ እጅ ይዘው የኋላውን ጎማ በሌላው እጅ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያወዛውዙት፤ «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የኋላው ክንድ የሚታጠፍባቸው መገጣጠሚያዎች ተበልተዋል። ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ከወዲሁ ስለነገሩኝ የመጀመሪያውን ፈተና የሚያልፍ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ብስክሌት ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ጉልበትዎን ሞላው ይበላዋል፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ግራም ያልፋል።

ሞላ በሌለው ብስክሌት ላይ የሞላውን ሥራ የሚሠሩት ጎማውና የእርስዎ ክንድና ጉልበት ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ የሚተርፍዎት ከሆነ መጀመሪያ ጎማ ላይ ያውሉት። ብስክሌቱ በሹካውና በኋላ እግሮቹ መካከል በቂ ክፍተት ካለው ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ያስገቡለት፤ ከገባ በኋላም በሁለቱም ጎን ቢያንስ ጣት የሚያሾልክ ቦታ መቅረቱን ይመልከቱ፤ አለበለዚያ ጭቃ ይይዘዋል። ነፋሱን በተመለከተ የጎሚስታ ቤት ልማድ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር መንፋት ነው፤ ይህ ለአስፋልት እንጂ ለኮብልስቶንና ለጦሳ ድንጋይ አይሆንም። ክብደትዎ 70 ኪሎ ግራም አካባቢ ከሆነ ከፊት ከ1.5 እስከ 1.7፣ ከኋላ ከ1.8 እስከ 2 ባር ድረስ ይሞክሩ። ከዚህ በታች ከወረዱ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የውስጥ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ይነክሰዋል፤ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኙበት የተበሳው በእሾህ ሳይሆን በነፋስ ማነስ መሆኑን ይወቁ። ሲወርዱ ከኮርቻው ብድግ ብለው ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አግድም ያድርጓቸው፤ ክርንዎንና ጉልበትዎን አጠፍ፣ መሪውን ያዝ አድርገው ግን ሳይጨብጡት፣ ዓይንዎን ከፊት ጎማው ራቅ አድርገው ይሂዱ። ባለ ሁለት ሞላ ያለው ጓደኛ ቁልቁለቱ ላይ ጥሎዎት ይሄዳል፤ ያንን ልደብቅዎት አልፈልግም። እርስዎ ቀስ ብለው፣ መንገድ እየመረጡ ይወርዳሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት ለተራራ እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የተራራ ብስክሌት የተጀመረው በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ነው፤ ወጣቶቹ ይወርዱበት የነበረው ሞላ የሌለው፣ አብዛኛውም ባለ አንድ ማርሽ የሆነ አሮጌ ከባድ ብስክሌት ነበር። ለገበያ የቀረበው የታወቀው የመጀመሪያ ባለ ሞላ የፊት ሹካ የወጣው ከ1989 ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጥርሱ ልክ እንምጣ። የፊቱ ጥርስ 32፣ የኋላው 16 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ባለ 26 ኢንች ጎማ ዙሪያው ከሁለት ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ በአንድ ዙር 4.1 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ይህ ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ለደሴ ግን ከባድ ነው። የኋላውን ባለ 20 ጥርስ ቢያደርጉት በአንድ ዙር 3.3 ሜትር፣ ባለ 22 ቢያደርጉት 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእርስዎ መንገድ በ32 እና 20 እንዲጀምሩ፣ ከአንድ ወር በኋላም እግርዎ ካልለመደው ወደ 22 እንዲያልፉ እመክራለሁ። በ32 እና 20 ሜዳ ላይ ፔዳሉን በደቂቃ 80 ጊዜ ቢያዞሩት በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ። ዳገት ላይ ደግሞ በደቂቃ ወደ 50 ዙር ሲወርዱ ፍጥነትዎ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚያ በታች ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና እየበዛ ይሄዳል። መንገዱ በ100 ሜትር ውስጥ 10 ሜትር ያህል ከፍ ካለ አብዛኛው ሰው በዚህ ጥርስ ረጅም ርቀት መቆየት አይችልም፤ ያኔ ወርዶ መግፋት ነው። ባለ አንድ ማርሽ ነጂ የሚገፋበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል፤ በዚህም ማንም ሊያፍር አይገባም። አወጣጡም ይለያል፦ ዳገቱ ሥር ከመድረስዎ በፊት ፍጥነት ይሰብስቡ፣ ብስክሌቱ ከመዛሉ በፊት ከኮርቻው ይነሡ፣ የሰውነትዎን ክብደት በየተራ በፔዳሎቹ ላይ ይጣሉ። ሞላ የሌለው ብስክሌት ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የጣሉት ክብደት ሁሉ ወደ ጎማው ይሄዳል።

ለሳይክል ሠሪው የሚነግሩት ሦስት ነገር አለ። የኋላው ጎማ ብሎን የሚገባበት ቦይ ወደ ጎን የተጋደመ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ካቴናውን ማጥበቅ ይቻላል፤ ቦዩ ወደ ታች ከሆነ ግን ጎማው ስለማይሳብ ካቴና መወጠሪያ ያስፈልጋል፤ አሮጌው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ራሱ ካልተሰበረ አንድ ቦታ ላይ ታስሮ ይህን ሥራ ሊሠራ ስለሚችል አያስጥሉት። ሁለተኛ፣ የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሁኑ፤ ከኋላ ሆነው በአንድ ዓይን ሲያዩት ካቴናው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ይወልቃል። ሦስተኛ፣ ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲነኩት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይበል፤ ከዚያ የላላ ካቴና ዳገት መሐል ቆመው ሲረግጡ ይወልቅና ፊት ለፊት ይጥልዎታል። ይህንን በየሳምንቱ በጣትዎ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ እኔ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ባለ አንድ ማርሽ፣ ሞላ የሌለው ብስክሌት አለኝ፤ በወር አንድ ሁለት ጊዜ በሐረጎ በኩል ደሴ ደርሼ እመለሳለሁ። መውጣቱን ተለማምጄዋለሁ፤ ስመለስ ግን ፍሬኑ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ እጄም ይደነዝዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መሽተቱን በቀላሉ እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። ከነብስክሌትዎ 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው፤ ከዚህ ነፋሱ የማይወስደው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይገባል። የእርስዎ ፍሬን ቸርኬውን የሚጨብጥ ዓይነት ስለሆነ፣ ሙቀቱ በቸርኬው በኩል የውስጥ ጎማውን አሙቆ ሊያፈነዳው ይችላል። በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አቅራቢያ ከ1976 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ይካሄድ የነበረው «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የተባለው የቁልቁለት ውድድር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ችግር ነው፤ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የነበረው ፍሬን እየጋለ ግራሶው ስለሚቃጠል ነጂዎቹ ከወረዱ በኋላ እንደገና ግራሶ መሙላት ነበረባቸው።

መፍትሔው ፍሬኑን ያለማቋረጥ እየጎተቱ አለመውረድ ነው። ቀጥ ባለው ቦታ ይልቀቁት፤ ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ለቀው ይታጠፉ። በሚለቁበት ጊዜ ነፋሱ ቸርኬውን ያቀዘቅዘዋል። ለመኪና በቂ ቦታ ባለበት መንገድ ዳር አንድ ሁለት ጊዜ ይቁሙ፤ የጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ አያፍስሱ። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ከሆነ አይውረዱ፤ በማግስቱ ቀይረው ይውረዱ። የእጅዎ መደንዘዝ ከፊል ምክንያቱ ይኸው ረጅም ጭበጣ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የፊት ጎማዎ ከመጠን በላይ መነፋቱ ሊሆን ስለሚችል ከላይ ለደሴው አንባቢ የሰጠሁትን ልክ ይሞክሩ።

ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትዎ ያለው ከባድ መኪና የሚታየው ከአጠገቡ ሲደርሱ ነው። ከፊትና ከኋላ መብራት ሳይኖርዎት በዚያ ሰዓት አይውረዱ፤ ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ይሻላል። ስለ መውጣቱ ምንም አልጠየቁኝም፤ ሆኖም በዚያ መንገድ ላይ ወጣቶች የጭነት መኪና ኋላ ይዘው ዳገቱን ሲጎተቱ ስለሚታይ እናገረዋለሁ። መኪናው ጉድጓድ ሸሽቶ ድንገት ሲታጠፍ የሚለቁበት ጊዜ አይኖርም። ከደከሙ ብስክሌቱን ይግፉት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 ያለፈ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ልጆቼ ለጤናዬ ብለው አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ሊገዙልኝ አስበዋል፤ «ቀላል ነው፣ አይበላሽብህም» ይሉኛል። ቀኝ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆችዎን ያመስግኗቸው፤ ብስክሌቱን ግን ባለ ማርሽ ያድርጉት ይበሏቸው። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ዳገት ላይ በዝግታ በከባድ ጫና እንዲረግጡ ያስገድዳል፤ የታመመ ጉልበት የሚፈልገው ተቃራኒውን፣ ማለትም ቀለል ያለ ጫናና ፈጠን ያለ ዙር ነው። ሞላ አያስፈልግዎትም፤ ሰፋ ያለ ጎማና ከፍ ያለ መሪ ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት ጉልበትዎን ለሐኪም ያሳዩ። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያሳምማልና ቁመቱን እንዲህ ያስተካክሉ፦ ልጅዎ ብስክሌቱን ደግፎ ይያዝልዎትና ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን እስከ ታች ያውርዱት፤ ተረከዝዎን ሲያሳርፉበት እግርዎ ቀጥ ካለ ልኩ እርሱ ነው፤ ሲነዱ ግን የሚረግጡት በተረከዝ ሳይሆን በፊተኛው የእግር መዳፍዎ ነው።