ሳንባቸው ለታመመ እናት የትኛው ማስታገሻ ይሻላል?

ከጎንደር አዘዞ የጻፍሽው እህቴ፣ «እናቴ በማገዶ ጭስ የመጣ የቆየ የሳንባ ሕመም አለባት፤ ጉልበቷን ሲያማት ዳይክሎፌናክ ብሰጣት ትንፋሿን ይነካባታል?» ብለሻል።

መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው፤ ትንፋሽ አያዳክምም፣ ጨጓራም አይልጥም። ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ከ50 ኪሎ በታች ከሆኑ፣ ጉበታቸው ከታመመ ወይም አረቄ ከለመዱ በቀን ከ4 ፍሬ ባይበልጥ ይሻላል። የጉንፋን ኪኒኖች አብዛኞቹ ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን ደርቦ መስጠት ሳይታወቅ ልክ ማሳለፍ ነው።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አስም የሌለበትን ሰው ትንፋሽ ብዙውን ጊዜ አይነኩም። አስም ካለባቸው ግን፣ በተለይ አፍንጫቸው ዘወትር የሚደፈን ከሆነ፣ በ30 ደቂቃም ይሁን በ3 ሰዓት ውስጥ ደረታቸው ሊያፍን ይችላል። አስፒሪን ወስደው እንዲህ ሆነው ከነበረ ሁለቱም አይነኩ፤ ቅባቱም ቢሆን።

ለእናትሽ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ሳሉ ሲብስባቸው ፕሬድኒሶሎን (የሳንባን ብግነት የሚቀንስ ኪኒን) የሚታዘዝላቸው ከሆነ፣ ከዳይክሎፌናክ ጋር ሲገናኝ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካየሽ ወዲያው ሆስፒታል። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ በደም ስለሚዞር መርፌውም ጨጓራን አይምርም። ለእግር እብጠት ፉሮሴማይድ፣ ለግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ሲጨመርበት ኩላሊት ሊጎዳ፣ እብጠቱም ሊመለስ ይችላል። አስም ከሌለ ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከኪኒኑ ይመረጣል።

ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ፈጽሞ እንዳትሞክሪ። የመተንፈስ ፍላጎትን ያዳክማል፤ ሳንባቸው የተቃጠለውን አየር በደንብ ለማያስወጣ ሰው አንድ ፍሬም ሊከብድ ይችላል። ከዳያዜፓም (ከማረጋጊያና እንቅልፍ ከሚያመጣ ኪኒን) ወይም ከአረቄ ጋር ሲሆን ሊገድል ይችላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባው ለደከመ ሰው መጠባበቂያው ትንሽ ነው። ከወሰዱ በኋላ እንቅልፋቸው ከከበደ፣ ጠርተሻቸው በቅጡ ካልመለሱ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ሕመሙ ከጉልበት አልፎ ደረት ላይ ሆኖ ሲተነፍሱ የሚወጋቸው ከሆነ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ ማሳደር አይገባም፤ የዚያኑ ዕለት ይታዩ። ፒያሳ መድኃኒት ቤት ስትሄጂም የሚወስዱትን ኪኒንና የሚስቡትን ፓፍ ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ «የጉልበት መድኃኒት» ብቻ ብለሽ ከጠየቅሽ የሳንባቸውን ነገር ማንም አያውቅልሽም።