ሲሙሌሽኑ ላይ ንጹሕ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚግል አምፕሊፋየር

ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የ50 ዋት አምፕሊፋየርህ ኤልቲስፓይስ (ሰርኪዩትን በኮምፒውተር የሚሞክር ፕሮግራም) ላይ በ1 ኪሎኸርዝ ሳይን ዌቭ ንጹሕ ነበር። ሠርተህ ረጅም የስፒከር ገመድ ስታገናኝ ግን ሙዚቃ ሳትከፍት ትራንዚስተሮቹ እጅ ያቃጥላሉ። ገመዱን ስትነቅል ይቀዘቅዛሉ ብለሃል። እንግዲያው ባያሱን (ትራንዚስተሮቹ ያለ ሙዚቃ እንዲወስዱ የተስተካከለውን ከረንት) ተወው። አምፑ ጆሮ በማይሰማው ፍሪኩዌንሲ ኦሲሌት እያደረገ፣ ማለትም በራሱ እየነዘረ ነው።

ሲሙሌሽኑ ለምን አላሳየህም? ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚረብሸው ነገር የለም። ሳይን ዌቭ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። አምፑን በድንገት መምታት አለብህ፤ ለዚህ የሚሆነው በቅጽበት የሚወጣና የሚወርደው ስኩዌር ዌቭ ነው።

10 ኪሎኸርዝ ስጠው። ውጤቱ 1 ቮልት አካባቢ ይሁን። ትልቅ ከሰጠኸው የፍጥነት ገደቡ ላይ ይደርስና ንዝረቱ ይሸፈናል። የመውጫና የመውረጃ ጊዜውን 10 ናኖሰከንድ ብለህ ጻፍ። ዜሮ ካልከው ፕሮግራሙ የራሱን ይመርጣል። ፕሮግራሙ እያሰላ የሚራመድበትን ትልቁን የጊዜ እርምጃም 10 ናኖሰከንድ ላይ ገድበው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያ ንዝረቱ ሳይታይ ያልፋል። የመግቢያውን ፊልተርም ለጊዜው አውጣው፤ ጠርዙን ያለሰልሰዋል።

መጀመሪያ 8 ኦም ብቻ ጫን። ቀጥሎ ከሱ ጋር በፓራለል 10 ናኖፋራድ፣ ከዚያ 100 ናኖፋራድ ጨምር። ረጅም ገመድ ካፓሲተርም ነውና ያንተ ችግር እዚህ ጋ መታየት አለበት። የዌቩ ማዕዘን ላይ ከልኩ 9 በመቶ ያህል ዘሎ ከተረጋጋ ፌዝ ማርጂኑ (ኦሲሌት እስኪያደርግ የቀረው ርቀት) ወደ 60 ዲግሪ ነው፣ ጥሩ ነው። 23 በመቶ ከሆነ ወደ 45 ወርዷል። ደጋግሞ ከነዘረ አትመነው። ውጤቱ ላይ ኮይል ካለህ ግን ከኮይሉ በፊት፣ ፊድባኩ (ወደ መግቢያው የሚመለሰው ሲግናል) ከሚነሳበት ነጥብ ለካ። ኮይሉና ካፓሲተሩ ለብቻቸውም ስለሚነዝሩ ያሳስቱሃል።

ሌላው ሙቀት ነው። ፕሮግራሙ ካልነገርከው 27 ዲግሪ ይወስዳል። ድሬዳዋ ላይ ቀትሩ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል፣ ትራንዚስተሩ ውስጥማ ተወው! በ60 እና በ90 ዲግሪም ድገመው።

ንዝረቱ ከታየህ ውጤቱ ላይ 10 ኦምና 100 ናኖፋራድ በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትለህ) አድርገህ ወደ ግራውንድ አስገባ። ካልበቃ የሚለር ካፓሲተሩን (አምፑ ውስጥ ያለውን የሚያረጋጋውን ትንሽ ካፓሲተር) ከ47 ወደ 100 ፒኮፋራድ አሳድገው። ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ ከዚያ በላይ አትቸኩል።

ቦርዱን መልሰህ ስታበራ መጀመሪያ በመብራቱ መስመር ላይ ባለ ክር (የድሮውን ዓይነት) አምፖል በሲሪስ አድርግ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ካልደበዘዘ ወዲያው አጥፋው።