ፕሮትራክተሩ 50 ይላል ወይስ 130?

ጥያቄ፦ ልጄ ሰፋ ያለ ማዕዘን በፕሮትራክተር ለክታ 50 ዲግሪ ብላ ጻፈች። መልሱ 130 ነው ተባለች። የቱ ጋ ነው የተሳሳተችው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አለካኩን ችላበታለች፤ ያነበበችው ሌላኛውን ረድፍ ነው። ፕሮትራክተር ላይ ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ ተጽፈዋል። አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ይጀምራል። ስለዚህ 50 እና 130 እዚያው አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ማንበብ ያለባት የማዕዘኑ አንድ ክንድ (ማዕዘኑን ከሚሠሩት ሁለት መስመሮች አንዱ) ካረፈበት ዜሮ የሚነሳውን ነው።

እኔ ተማሪዎቼን ከመለካታቸው በፊት በዓይን አስገምታቸዋለሁ። ወረቀት ትጠፍ። ከዚያ የእጥፋቱ መስመር በራሱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ደግማ ትጠፈው። ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ጥግ ማዕዘኑ ላይ ታስጠጋው። ማዕዘኑ ከጠበበ ሹል ነው፣ ከ90 በታች። ከሰፋ ዝርጥ ነው፣ ከ90 በላይና ከ180 በታች። 180 ሲሆን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የልጅዎ ማዕዘን ከወረቀቱ ጥግ ስለሚሰፋ በፍጹም 50 ሊሆን አይችልም።

ብዙ ልጆች ደግሞ ክንዱ ሲረዝም ማዕዘኑ የሚያድግ ይመስላቸዋል። አያድግም። ክንዱ አጥሮ ቁጥሮቹ ጋ ካልደረሰ በማስመሪያ ታስረዝመው፤ ልኬቱ ያው ነው።