ልዕልት ኢርሚና ወይስ ወይዘሮ ኢርሚና?

ጥያቄ፦ «ፍራንኮች የተባሉት ሕዝብ በምዕራብ አውሮፓ በገዙበት ዘመን የኖረችውን የኢርሚናን ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ልዕልት ኢርሚና የኤክተርናህን ገዳም ገነባች፤ የገዳሙም ስፖንሰር ነበረች፤ አቡነ ዊሊብሮርድም ገዳሙን መሩት› ብዬ ጽፌ ለወዳጄ ባነብለት፣ ‹አማርኛው ጆሮዬን ቆረቆረኝ› አለኝ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?»

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነቱን ነው። ከ«ልዕልት» ልጀምር። በአማርኛችን ልዕልት የንጉሥ ልጅ ናት። ኢርሚናን የፍራንኮች ንጉሥ የዳጎበርት ልጅ የሚያደርጋት ከእርሷ በኋላ የመጣ አፈ ታሪክ ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬ አይቀበሉትም። እርሷ በዛሬዋ ጀርመን በትሪር አካባቢ ሰፊ መሬት ከነበራቸው ባላባቶች ወገን የተወለደች፣ ባሏ ሲሞትባት የመነኮሰችና በትሪር የኤረን ገዳም እመ ምኔት የሆነች ሴት ናት። ስለዚህ «ልዕልት» ካሉ አፈ ታሪኩን ሳያስቡት አጸደቁት ማለት ነው።

ታዲያ ማን እንበላት? እኔ «ወይዘሮ» እላለሁ። ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ስለምትባል ቃሉ ማዕረግ እንደነበር እየተረሳ ነው። እቴጌ ጣይቱ እቴጌ ከመባላቸው በፊት፣ ንግሥት ዘውዲቱም አልጋ ከመያዛቸው በፊት «ወይዘሮ» ነበሩ፤ ያን ጊዜ ቃሉ የዘር ክብርን ይናገር ነበር። የዛሬ አንባቢ እንዳይሳሳት «ከባላባት ቤት የተወለደች ወይዘሮ» ብለው አንድ ጊዜ ቢያብራሩ ይበቃል። «ባላባት» ራሱ «ባለ አባት» ነው፤ ክብሯን ከነመሬቷ ከዘሯ ላገኘች ሴት ከዚህ የቀረበ ቃል አላውቅም። «እመቤት» ግን ይቅርብዎ፤ የአንባቢው ልብ ወዲያው ወደ እመቤታችን ይሄዳል፣ ካልሆነም ወደ ቤት አሳዳሪ።

ሥልጣኗን ሲጠሩ ደግሞ «የገዳሙ ኃላፊ» አይበሉ፤ የመሥሪያ ቤት ሽታ አለው። «ምኔት» በግእዝ ገዳም ነው፣ «እመ» ደግሞ እናት። አበ ምኔት ብለን የወንዱን እንደምንጠራ የሴቷም ስም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። «ቆብ ደፋች» የሚለውም ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ ሆኖም የእኛን እማሆዮች ቆብ በኢርሚና ራስ ላይ ያኖርብዎታል። «መነኮሰች» ይሻላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ስለሆነ ለእርሷም ለእኛም የጋራ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን «ገነባች» እና «ስፖንሰር» ላይ ነው። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ698 ገደማ ኢርሚና በዛሬዋ ሉክሰምበርግ ያለውን የኤክተርናህ ርስት ድርሻዋን በዛሬዋ እንግሊዝ ሰሜን ከነበረችው ከኖርተምብሪያ መንግሥት ለመጣው መነኩሴ፣ ሰባኪና ጳጳስ ለዊሊብሮርድ በጽሑፍ ሰጠች። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ትንሽ ገዳም ነበረበት። በ706 ደግሞ የፍራንኮች ቤተ መንግሥት ትልቁ ሹም ፔፒንና ሚስቱ ፕሌክትሩድ የራሳቸውን ድርሻ ጨመሩና ገዳሙን በጥበቃቸው ሥር አደረጉት። ፕሌክትሩድን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የኢርሚና ልጅ ናት ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ የእናትና የልጅ ስጦታ አንድ ቦታ ላይ ተገናኘ።

እንግዲህ ይህን ሥራ «ስፖንሰር» ሲሸከመው አይታየኝም፤ ስፖንሰር ለእግር ኳስ ቡድን ይሆናል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ጉልት ጎለተች» ይሉ ነበር፤ ቃሉም ያምራል። ጎለተ ማለት አጽንቶ አስቀመጠ ነው፤ ድስት የምንጥድበት ጉልቻም ከዚያው ቃል ይወጣል። ነገር ግን ጉልት ከላይ ወደ ታች የሚሰጥ ነው፦ ንጉሡ ከገበሬው የሚገባውን ግብር ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመኰንን ይለቅለታል፣ ገበሬው ርስቱን እንደያዘ ይኖራል። ኢርሚና የለቀቀችው የመንግሥት ግብር አይደለም፤ ከወላጆቿ በውርስ የደረሳትን ነው። ይህ ደግሞ በእኛ አፍ «ርስት» ይባላል፤ ወረሰ ከሚለው ግስ ይወጣልና። በአማራ አገር ልማድ ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት ይደርሳት ስለነበር «የአባት የእናት ርስቷን ሰጠች» የሚለው ለአንባቢያችን ባዳ አይሆንበትም። አንድ ልዩነት አለ፦ የእኛ ርስት ከዘመድ እጅ በቀላሉ አይወጣም ነበር፤ እርሷ ግን የራሷን ድርሻ ለባዕድ መነኩሴ አሳልፋ መስጠት ችላለች። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩት አንባቢው የስጦታውን ክብደት ያያል።

ለዊሊብሮርድ «ገዳም ገደመ» የሚለው የገድል አማርኛ ልክ ይሆናል። እስኪሞት፣ እስከ 739 ድረስ፣ የመራው እርሱ ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ለሴቲቱ ግን «ገነባች» አይስማማም፤ ደንጊያ ያቀበለች ያስመስላታል። ሕንፃ ያቆመ ባለጸጋን አማርኛ «አሠራ»፣ «አሳነጸ» ይለዋል፤ እርስዎ ስለ ስጦታው ስለሚጽፉ ግን «ሰጠች» ብቻ ይበቃል።

አሁን ከሁሉ በላይ የከነከነኝን ልንገርዎ። ኢርሚና «ገነባች»፣ ዊሊብሮርድ ግን «መሩት» ብለዋል። ይህ የእርስዎ ብቻ ስሕተት አይደለም፤ በየመጽሔቱ አየዋለሁ፣ ባየሁም ቁጥር ያሳዝነኛል። ጳጳሱ አንቱ ሲባል ርስቷን የሰጠችው ሴት አንቺ ትባላለች። ሁለቱንም አንቱ ይበሉ፣ ወይም እንደ ስንክሳር አተራረክ ሁለቱንም በነጠላ ይጻፉ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ከባላባት ቤት የተወለደችው የኤረኗ እመ ምኔት ወይዘሮ ኢርሚና በኤክተርናህ የነበራትን የአባት የእናት ርስት ለዊሊብሮርድ ሰጠች፤ እርሱም በዚያ ገዳም ገደመ።»