መልስ፦ ክፍት ማርሚታና ክፍት ፊልትሮ ያዋጣል ወይ

ወንድሜ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ባለው 200 ሲሲ ሞተር ሳይክልህ ላይ ክፍት ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እና ክፍት ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ብትገጥም ጉልበት ይጨምር እንደሆነ ጠይቀሃል። ድምፁ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ብዙም አይሰማህም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ከባሕር ጠለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ገና ሳትነሳ አጥቷል። ማርሚታ ያንን አይመልስም።

መጀመሪያ ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) ፈትተህ እየው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ዋናውን ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ቁጥር አሳንስ፣ ጋዝ ሰጥተህ ነድተህ ደግመህ እይ። ቡናማ ከሆነ አትንካው። ከነጣ አየር በዝቶበታል፣ ፒስተን ይበላል። ጄት ሳይቀየር ክፍት ፊልትሮ ሲገጠም የሚመጣው ጣጣ ይኸው ነው (አቧራውን ሳንቆጥር)።

ብር ማውጣትህ ካልቀረ የፊቱን የካቴና ጥርስ ከ14 ወደ 13 አውርድ። የሞተሩ ጉልበት ባይጨምርም ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ወደ 8 በመቶ ይጨምራል፤ በክረምት የዘጌን ጭቃ ክላች ሳታቃጥል ትወጣዋለህ። ካቴናው ስለሚላላ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስበህ መሃሉ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ልቅ አድርገው። በጎንደር አስፋልት ግን በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል፤ አብዛኛው ጉዞህ እዚያ ከሆነ 14ቱን ተወውና ደህና የጭቃ ጎማ ግዛ።