ሰኔ ሊገባ ሲል የመጣ ጭማሪ

ከአዳማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በአንድ የዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ ስድስት ዓመት የስቶክ ሂሳብ ሠርተሻል። ሞጆ ያለ የሎጂስቲክስ ድርጅት በ24,000 ብር ሊቀጥርሽ ስለተስማማ ግንቦት 20 መልቀቂያ አስገባሽ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ 19,000 የነበረውን 25,000 እናደርግልሻለን፣ «ሲኒየር» የሚል መደብም እንሰጥሻለን አለሽ። እናትሽ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ። የባጃጁን ዕዳ የምታግዢው ወንድምሽ ደግሞ ትልቁን ቁጥር ያዢ፣ ለሞጆዎቹ «ታምሜያለሁ» በያቸው ብሎሻል።

እስቲ መጀመሪያ ቀን ቁጠሪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ያንቺ 30 ቀን የሚሞላው ሰኔ 20 ነው። ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30። ቢን ካርዱን (መጋዘኑ የሚይዘውን የዕቃ መዝገብ) ከስቶክ ካርዱ (ሂሳብ ክፍሉ ከሚይዘው መዝገብ) ጋር የምታስታርቀው፣ ስንዴው ከመጋዘን እስከ ወፍጮ የት ላይ እንደሚጎድል የምታውቀው ሰው ከዓመቱ ቆጠራ አሥር ቀን ቀደም ብላ ልትወጣ ነው። ከዚያ ኦዲተር ይመጣል። ስድስት ዓመት ያልተገኘ 6,000 ብር በሦስት ቀን የተገኘው ለዚህ ይመስለኛል። ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም፤ የሚከፍለው ግን ለሰኔ መዝጊያ ነው። መስከረም ላይ አንድ ልጅ አጠገብሽ ተመድቦ «ሥራውን አሳዪው» ስትባዪ አይድነቅሽ። ሐምሌ ላይ ለሁሉም ደመወዝ ሲጨመርም «ያንቺማ ግንቦት ላይ ተሰጠ» ይባላል፤ ይህን ከወዲሁ ቀንሰሽ አስቢው።

አሁን ብሩን እንይ። ደብዳቤሽ ላይ እንደጻፍሽው ከ6,000ው ውስጥ መነሻ ደመወዝ ላይ የሚገባው 2,000 ብቻ ሲሆን 4,000ው የኃላፊነት አበል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ግብር ይነሣለታል፣ አበሉም ጭምር። ስለዚህ ከጭማሪው 2,100 ለግብር፣ 140 ለጡረታ ይሄድና እጅሽ የሚገባው 3,760 ብር ነው። የሞጆው 5,000 ጭማሪ ግን ሙሉ በሙሉ መነሻ ደመወዝ ነው፤ 1,750 ለግብር፣ 350 ለጡረታ ሄዶ 2,900 ይተርፋል። ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚከራከርበት ልዩነት በወር 860 ብር ነው! ከእሱም ላይ ሌላ ሂሳብ አለ፦ አሠሪው ለጡረታሽ የሚያስገባው 11 በመቶ አበሉን አይነካም። የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ሲታሰብ አበሉ ላይቆጠርልሽ ይችላል። ደመወዝሽን ለመቀነስ የሚቸገር አሠሪ አበልን «መደቡ ታጠፈ» ብሎ በአንድ ማስታወሻ ያነሣዋል።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ደብዳቤሽ መሐል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነው፦ የኮስት አካውንታንቱ (የምርት ወጪን የሚያሰላው የሂሳብ ሠራተኛ) ከወጣ ዘጠኝ ወር ሆኖታል፣ ሥራውን አንቺ ደርበሻል፣ መጋዘን ላይ ጉድለት ሲገኝ ደግሞ የሚፈርም አለቃ ጠፍቶ በስምሽ ይያዛል። መልቀቂያውን ያጻፈሽ ይህ ነው። በ25,000 ብርም ጉድለቱ በስምሽ ነው የሚያዘው፤ «ሲኒየር» ስትባዪማ ይብስበታል።

እንግዲያው መቅረት ካማረሽ ከሰኔ 10 በፊት እነዚህ በወረቀት ይቅረቡልሽ። አንደኛ፣ ጭማሪው ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚከፈል፣ ስንቱ መነሻ ደመወዝ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ፤ ፈርሞ ማኅተም የሚያሳርፈው ዋና ሥራ አስኪያጁ እንጂ የክፍል ኃላፊሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ የኮስት ሥራው ለማን እንደሚመለስና እስከ መቼ፣ ጉድለት ሲገኝም ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ማን እንደሚፈርም። ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ መልቀቂያሽን ማንሳትሽንና ድርጅቱም መቀበሉን የሚያሳይ ደብዳቤ። ይህ ከሌለ ያ መልቀቂያ ፋይልሽ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ቆጠራው አልቆ ቅያሜ በተነሣ ቀን «መልቀቂያሽን ተቀብለናል» የሚል መልስ ከተጻፈብሽ ክርክሩ ከባድ ነው። «አንቺማ ቤተሰብ ነሽ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» ካሉሽ መልስሽን አግኝተሻል። በሰው ኃይል ሥራ ዓይን ስለማይ ወረቀት አበዛለሁ፤ ያም ሆኖ የቃል ጭማሪ ፔሮል ላይ አይወጣም።

እኔ ብጠየቅ ሂጂ ነው የምለው። ግን ሰኔ 20 አትውጪ። ሞጆዎቹ ሥራ መጀመሪያሽን ወደ ሐምሌ 11 እንዲያዛውሩልሽ ለምኚ፤ የሂሳብ ሰው የሚቀጥር ድርጅት የሰኔን ነገር ያውቀዋል። ለፋብሪካው ደግሞ በስምምነት እስከ ሐምሌ 10 እንደምትቆዪ በጽሑፍ አቅርቢ፣ ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበት። ጥቅሙ ለእነሱ ብቻ አይምሰልሽ። ከቆጠራ በፊት የወጣ ሰው ላይ በኋላ የተገኘ ጉድለት ሁሉ ይለጠፋል፣ ዋስሽ ይጠራሉ፣ ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ ናት የሚለው ወረቀት) ይዘገያል፣ ሞጆ ደግሞ ክሊራንስሽን ይጠይቃል። ቆጠራው ላይ ቆመሽ፣ ውጤቱን አስፈርመሽ፣ ኮፒውን ይዘሽ ውጪ።

ስትወጪ የሚገባሽንም ጠይቂ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ እስከሌለበት ድረስ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ሲሶው ይታሰባል። በስድስት ዓመትና በ19,000 ብር ሲሰላ ግብሩ ሳይነሣለት ከ50,000 ብር በላይ ነው። ከፋብሪካው ጋር የፈረምሽው የሥልጠና ውል ካለ ስሌቱን ሳትጀምሪ እሱን አንብቢ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ይገባል።

የሞጆው እውነተኛ አደጋ የሙከራ ጊዜው ነው፤ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ለሦስት ወር የሚሆን የቤት ወጪ ከስንብት ክፍያው ለይተሽ አስቀምጪ፤ የባጃጁ ዕዳ እንዳይነካው። ወንድምሽ ዕዳውን በባጃጁ ገቢ ይክፈል፤ ያንቺን መሥሪያ ቤት የሚመርጠው የሱ የብድር ቀን መሆን የለበትም። «ታምሜያለሁ» የሚለውንም ተዪው፤ አዳማና ሞጆ ያሉ የሂሳብ ሰዎች በኦዲተር በኩል ይተዋወቃሉ። እናትሽን አክብሪያቸው፣ ነገር ግን ሰይጣኑን የሚያውቁት እሳቸው አይደሉም፤ ዘጠኝ ወር የሁለት ሰው ሥራ የሠራሽው አንቺ ነሽ። የጉዞው ነገር ቀላል ነው፣ የሞጆዎቹ ሰርቪስ እዚያው አዳማ ከፍራንኮ ያነሳሻል ብለሻል፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚመልስሽ ግን ሳትፈርሚ ጠይቂ።