ለአንድ የጊታር ተማሪ የዘገየ መልስ

ባለፈው ሐሙስ ትምህርታችንን ጨርሰን ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ፣ አንድ የ19 ዓመት ተማሪዬ «ጋሼ፣ የትኞቹን ጊታሪስቶች ባዳምጥ ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኔ በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ጣቶቼ እንዲህ አይፈጥኑም ነበር። የዚያን ቀን ከጎናችን ባለው ክፍል የምትለማመደው የቼሎ ተማሪ ድምፅ ረበሸኝ ስላለ በሩን ዘግተን ነበር የጀመርነው። ጥያቄው ቀላል ነው። ዕድሜውን በጊታር የፈጀ ሰው አምስት ስም ጠርቶ ሊሸኘው ይችላል። ከእኔ አፍ ግን አንድም ስም አልወጣ አለ። ልጁ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ሲጠብቀኝ፣ ዓይኔ ላይ የመጡብኝ ክላርኔታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አንድ ሰው ነበሩ። «ቆይ፣ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ይህ ደብዳቤ ለእሱ ነው፤ ያንኑ ጥያቄ የምትጠይቁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ግን ሁላችሁም አንብቡት።

ያኔ 23 ዓመቴ ነበር። ስምንት ሆነን የምንጫወትበት ባንድ ውስጥ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ክላርኔት ተጫዋቹ ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ከማንም ቀድመው ይመጣሉ። ጥግ ይዘው ሪዱን፣ ያችን ድምፅ የምታወጣ ስስ የሸምበቆ ቁራጭ፣ በምራቃቸው ያረጥባሉ፣ ክላርኔቱን ይገጣጥማሉ፣ ከዚያ አንዲት ዝቅ ያለች ኖታ ይነፉና ረጅም ጊዜ ይቆዩባታል። በየቀኑ ያችኑ አንዲት ኖታ። እኔ በዚያው ሰዓት ስኬሎቼን ወደ ላይና ወደ ታች እያስሮጥኩ ስለነበር፣ ሰውየው ከእሷ ምን እንደሚፈልጉ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

በፕሮግራማችን መሐል ዝግ ያለ አንድ ዘፈን ነበር። ድምፃዊው ሁለተኛውን አንጓ ሲጨርስ 16 ሜዠር (የምት ክፍል) ለጋሼ ሶሎ ይለቀቃል። በዚያ ሁሉ ሜዠር ውስጥ ሃያ ኖታ ቢነፉ ነው። የመጀመሪያዋ ኖታ መቼ እንደጀመረች እንኳ አይታወቅም ነበር፤ ከዝምታው ውስጥ ቀስ ብላ ትወጣና እየሞላች ትሄዳለች። ክላርኔት ይህን ይችላል። ጊታር አይችልም፤ የእኛ ድምፅ ጉልበቱ ክሩ በተመታበት ቅጽበት ነው፣ ከዚያ ወዲያ መክሰም ብቻ ነው። ያኔ ግን እንዲህ አልገባኝም። ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ነው እል ነበር።

አንድ ቀን በልምምድ እረፍት ላይ አጠገቤ መጥተው ቆሙና «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትተነፍሰው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጊታር እኮ በእጅ ነው የሚመታው» አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልተቆጡም። «እሱስ ልክ ነህ» አሉና ትንሽ ቆይተው «ነገ ቀደም ብለህ ና፣ ሁለታችን ብቻ እንጫወት» አሉኝ። እሺ ብዬ ቀረሁ። ጋሼ በሩን በሩን እያዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁኝ እንደነበር የነገረኝ ድራም ተጫዋቹ ነው። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ ነው ለባንዱ መሪ «ያ ሶሎ ሰው እያስተኛ ነው፣ ለእኔ ስጠኝ» ያልኩት። መሪው አልተከራከረኝም፤ «እንግዲያው ለጋሼ ራስህ ንገራቸው» ብቻ አለኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳልነግራቸው መድረክ ላይ ወጣን። ዘፈኑ ደረሰ፣ ድምፃዊው አንጓውን ጨረሰ፣ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቼ ጀመርኩ። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ ክላርኔቱን አፋቸው ላይ አድርገው ደረታቸው ሞልቷል። አየሩን ስበው ጨርሰው ነበር። ቀስ ብለው ክላርኔቱን አወረዱና ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ያ የሳቡት አየር ግን እስከ ዛሬ እኔ ደረት ላይ አለ።

ምንም አልተናገሩኝም። በማግስቱ እንደ ልማዳቸው ቀድመው መጥተው ያችን ኖታቸውን ነፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባንዱን ለቀቁ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አንድ የድሮ ጓደኛችን ያ ምሽት አዳራሽ ውስጥ የተቀዳበትን ካሴት አግኝቶ ሰጠኝ። ደስ እያለኝ ነበር የከፈትኩት። ጣቶቼ አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ሜዠር እስከ መጨረሻው አንዲት ባዶ ምት አልተውኩም፤ ሰው መልስ እንዳይሰጠው ፈርቶ ሳያቋርጥ እንደሚናገር ሰው ነበርኩ። ደግሜ ሰማሁት። በሦስተኛው ጊዜ ነው መጨረሻው ላይ ያለውን ነገር ያስተዋልኩት። የመጨረሻዋን ኮርድ መትቼ ድምፁ መክሰም ሲጀምር፣ ከሥሩ አንዲት የክላርኔት ኖታ ትገባለች። ሳትታወቅ ነው የምትገባው። የእኔ ክር ከሞተ በኋላም ትቆያለች፣ ድምፃዊው እስኪመለስ ድረስ ክፍተቱን ትሸፍናለች። አራት ሰከንድ ያህል ናት። ተራቸውን የቀማኋቸው ሰው እኔ መጨረስ ያቃተኝን ጨርሰውልኛል፤ እኔ ደግሞ ያን ምሽት አጠገባቸው ቆሜ አልሰማሁትም።

በዚያው ሰሞን ስለ ቻርሊ ክርስቲያን ያነበብኩት ነገር ቁስሉን አባሰው። ሶሎዎቹን ካሴት እየመለስኩ ኖታ በኖታ የሸመደድኩለት ጊታሪስት ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. የቤኒ ጉድማን ባንድ ውስጥ ገባ፣ በ1942 በ25 ዓመቱ ሞተ። በዚያች አጭር ጊዜ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ ረጅም ዜማ የሚናገር መሣሪያ አደረገው። ያን አነጋገር ያመጣው ግን ከሌሎች ጊታሪስቶች ብቻ አይደለም፤ ጆሮው ከቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ከሌስተር ያንግ ላይ ነበር። ባንዱን የሚመራው ጉድማን ደግሞ ክላርኔት ተጫዋች ነው! እኔ የክርስቲያንን የዜማ ሐረጎች እየሸመደድኩ፣ ሐረጎቹ የት ላይ አየር እንደሚስቡ ሊያሳየኝ የሚችለውን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ዝም አሰኘሁት።

ከዚያ በኋላ በየታሪኩ ይህንኑ ነገር መፈለግ ጀመርኩ፤ የፈለገው ሁሉ ያገኘዋል። ፍራንዝ ሊስት በ1832 ፓሪስ ውስጥ ቫዮሊን ተጫዋቹን ፓጋኒኒን ሲሰማ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ያኔም ቢሆን የታወቀ ፒያኒስት ነው። ግን ቫዮሊኑን ሰምቶ ሲመለስ በቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት በጣት ልምምድ ላይ እንደሚቀመጥ ለጓደኛው ጽፏል፤ በሦስተኛ፣ በስድስተኛና በኦክታቭ (በስምንተኛ) ርቀት የሚመቱ ጥንድ ኖታዎች፣ የሚደጋገሙ ኖታዎች። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አንድን ሰው የሌላ መሣሪያ ድምፅ ወደ ገዛ መሣሪያው ሀሁ የሚመልሰው ለምንድን ነው? ሌላ ፒያኒስት ቢሰማ ኖሮ «እኔ እበልጣለሁ» ወይም «እሱ ይበልጠኛል» ብሎ ይለካካ ነበር። ከቫዮሊን ጋር መለካካት የለም። ቅናቱ መንገድ ሲያጣ ጥያቄ ይሆናል፦ ይህ በፒያኖ ቢሆን ምን ይመስላል? እኔም ጋሼን ያልሰማኋቸው ስለካቸው ስለነበር ነው፤ ያውም በኖታ ብዛት።

ፍራንክ ሲናትራ በ1940 ከትሮምቦን ተጫዋቹ ከቶሚ ዶርሲ ባንድ ጋር መዝፈን ሲጀምር ከዶርሲ ኋላ ተቀምጦ ጀርባውን ያይ ነበር። ሐረጉ ይረዝማል፣ ትንፋሽ የተወሰደበት ቦታ ግን አይታይም። ዶርሲ በከንፈሩ ጠርዝ በኩል በትንሹ አየር እንደሚሰርቅ ሲናትራ ራሱ ቆይቶ ተናግሯል። ዘፋኝ ከትሮምቦን መተንፈስን ተማረ። ፒያኒስቱ ኧርል ሃይንስ ደግሞ በቀኝ እጁ ኦክታቭ እየመታ የትራምፔት ዓይነት ዜማ ያወጣ ነበር፤ በ1928 ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር የተቀረጹትን ሥራዎች ፈልጋችሁ ስሙ፣ እኔ ብነግራችሁ አይረባም።

እናንተ ግን ትሰማላችሁ? እውነቱን ልናገር፣ የብዙዎቻችሁ ስልክ ጣት ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ጊታር የሚማር ልጅ ስልኩን ከፍቶ ሠላሳ ሰከንድ የሚፈጥን ጊታሪስት ያያል፣ ስልኩም ይህንኑ ወደደ ብሎ ሌላ ፈጣን ጊታሪስት ያመጣለታል፤ እንዲህ እያለ ሌሊቱ ያልፋል። ድምፁን አጥፍቶ የሚያይም አጋጥሞኛል፤ ልቤ ነው የተሰበረው። እኛ አንድ ካሴት ለወር እንሰማ ነበር፤ ቤዙንም፣ ድራሙንም፣ የተቀዳበትን ክፍል ማስተጋባትም ጭምር። እዚህ ላይ ግን እጄ ይያዛል። ካሴት ለወር የሰማሁት እኔ ነኝ አጠገቤ ያሉትን ሰው ያልሰማሁት። የጠየቀኝ ልጅ ቢያንስ ማንን ልስማ ብሎ ጠይቋል፤ እኔ በ23 ዓመቴ ይህን ማንንም አልጠየቅኩም።

ጋሼን ፈልጌ አገኘኋቸው። ካሴቱን በሰማሁ በሁለት ወር ገደማ ነው። በር ከፍተውልኝ ፈገግ ሲሉ የፊት ጥርሶቻቸው እንደሌሉ አየሁ። ክላርኔት የሚነፋ ሰው ያለ የፊት ጥርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የላይኞቹ ጥርሶች ጫፉ ላይ ማረፋቸው ነው መሣሪያውን የሚያጸናው። ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ እንዲከፈት አልጠየቅኩም። ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር፤ ገና ስጀምር «ጊታሩን አምጥተሃል?» ብለው አቋረጡኝ። አምጥቻለሁ። «በል ምታ።»

ስመታ አየኋቸው። ከእኔ ጋር እየተነፈሱ ነበር። ሐረግ ስጀምር አየር ይስባሉ፣ እኔ ስሄድ ቀስ እያሉ ያወጣሉ፣ አየራቸው ሲያልቅ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ ያደርጋሉ። መታ ሲያደርጉ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና መታ አደረጉ። አራተኛው ላይ እኩል ደረስን፤ እሳቸው አየር ሲስቡ እኔ እጄን ከክሩ አነሳሁ። በዚያች ክፍተት ውስጥ የገዛ ዜማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት ብል አላጋነንኩም። ማታ ላይ ድፍረት አግኝቼ ያን የ16 ሜዠር ሶሎ በአፋቸው እንዲያዜሙልኝ ለመንኳቸው፤ ጽፌ ላስቀረው ፈልጌ ነበር። «የትኛውን?» አሉኝ። «በየምሽቱ እኮ ሌላ ነበር።»

ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ዓይነት ነገር የሚደግሙ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በእጄ ያለችው ያቺ አራት ሰከንድ ብቻ ናት።

ስኬልና ሜትሮኖም የሚሉትን ምክር ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የማዛችሁ ጋሼ ጉልበታቸው ላይ የመቱትን ነው። ዜማ ስትጫወቱ አየር ስባችሁ ጀምሩ፣ እየመታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ሲያልቅ ጣታችሁ የትም ይሁን አቁሙ። ከዚያ ከመሣሪያችሁ ውጭ አንድ ሰው ምረጡ፣ አንድ ሥራውን ብቻ፣ በመሣሪያችሁ አምስሉት። ክላርኔት ከሆነ ጊታር ላይ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ዘግታችሁ ክሩን ምቱና ቀስ እያላችሁ ክፈቱት፤ ያ ከዝምታ የሚወጣ ድምፅ በጥቂቱ ይመጣል። ኖታ በኖታ መሸምደዴን ከላይ እንደ ጥፋት ተናግሬ አሁን ሸምድዱ ማለቴ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ቢሆንም ሁለቱንም አምንባቸዋለሁ። በጊታር ሳክስፎን ስትሸመድዱ ፈጽሞ አይገጥምላችሁም፤ የማይገጥመው ቦታ ላይ የራሳችሁ የሆነ ነገር ትፈጥራላችሁ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ የጊታሪስቶቹን ስም እሰጥሃለሁ፣ አልረሳሁም። ከዚያ በፊት ግን ያች የቼሎ ተማሪ ሐሙስ ሐሙስ በአንተ ሰዓት ነው የምትለማመደው። ቀስቷ ወደ ታች ሲሄድና ወደ ላይ ሲመለስ ድምፁ እንዴት እንደሚለይ በግድግዳው በኩል ስሰማ ቆይቻለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጊታርህን ሳታወጣ ና፤ ሄደን በሯን እናንኳኳለን።